ከአጥሩ በላይ ያለው ዳገት

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ክፍል ከወንዙ አርባ እርምጃ አይርቅም። በዚያ ክረምት ጎርፉ በሩን ገፍቶ ሲገባ እንደምንም የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አወጣች፤ ለመጨረሻ ልክ የተዘጋጀውን የሙሽራ ቀሚስ ግን አላዳነችውም። ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ትቶ ሄደ፤ ጭቃው የሞተር ዘይት ይሸታል። ቀሚሱን ሦስት ጊዜ አጠበችው፣ አልለቅ አለ። ለሙሽሪት እውነቱን ነግራ፣ ከራሷ ጨርቅ ሌላ ሰፋችላት። ሥራውን ስታስረክብ ግን ነገሩ ከሆዷ አልወጣም።

ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ወጡ። የወንዙን ዳር ከቆሻሻ አጽድተው ሁለት መቶ ችግኝ ተከሉ። በሚቀጥለው ክረምት የአንድ ከሰዓት ዝናብ ሁሉንም ጠርጎ ወሰደው።

«ምነው ችግኞቹን ዋና ብናስተምራቸው ኖሮ!» አለች ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ባዶ የቀረውን ዳርቻ እያየች። ሰው ሳቀና ወደየቤቱ ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አካፋ ይዘው የመጡት ሰባት ብቻ ነበሩ።

ከሰባቱ አንዱ ዕድሜያቸውን የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ፓምፕ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል።

«ልጄ፣» አሏት በትራቸውን ተደግፈው፣ «ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል ስትወለውዪ ከረምሽ። ጎርፍ የሚወለደው ከላይ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ከላይ ማን እንዳለም ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። ከላይ ያለው ወንድሟ ነው። የተራቆተው ዳገት ግርጌ፣ ምንጩ አጠገብ፣ የመኪና ማጠቢያ አለው፤ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ደግሞ ሁለተኛ ማጠቢያ አለው። ወደ ዳገቱ የሚያስወጣው መንገድ በእሱ አጥር ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ የዘይቱ እጣቢም በቧንቧ ቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለእሷ ብሎ ነው አንስቶት የማያውቀው። አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት እሱ ነው። የመጀመሪያዋን የስፌት መኪናም የገዛላት እሱ ነው። «እኔም እሷም የምንኖረው በመኪና ነው» እያለ ለሰው መቀለድ ይወድ ነበር።

በማግስቱ ብቻዋን ሄደች።

«ወንድም ጋሼ፣ ዳገቱ ላይ ልንሠራ ነው። በአጥርህ ውስጥ እንለፍ። ደግሞ የዘይቱ ውሃ...»

«ኮሚቴ ይዘሽ እኔ ላይ ልትመጪ ነው?»

«ብቻዬን አይደለም እንዴ የመጣሁት?»

«ስምንት ሠራተኛ አለኝ። ብዘጋ ምን ሊበሉ ነው?»

«መች ዝጋ አልኩህ? ጉድጓድ ቆፍርለት ነው የምልህ። ጭቃው ይዝቀጥ፣ ዘይቱ ከላይ ይቅር፣ ውሃው ከዚያ ይውጣ። ወንዙ አፋፍ ላይ ያለውን የታችኛውን ማጠቢያ ደግሞ ተወው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለና የውሃውን ጎማ ከሠራተኛው እጅ ተቀብሎ መኪና ማጠብ ጀመረ።

«ሞኝነቱን ተቀብያለሁ፤ መንገዱን ስጠኝ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆኑ።

እሷ ግን አልተመለሰችም። በድሮው የድንጋይ መፍለጫ በኩል ዞሮ የሚወጣ ቀጭን መንገድ ተገኘ፤ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በየቅዳሜው ሰባቱ አካፋና ዶማ ተሸክመው በዚያ ወጡ። ጋሽ ፓምፕ ውስጡ የሚታይ ረጅም የጎማ ቱቦ ውሃ ሞልተው አመጡ፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ዳቦ ጋጋሪዋ ይዘው ውሃው እኩል የቆመበትን መስመር በችካል ምልክት አደረጉ። በዚያ መስመር ዳገቱን አግድም የሚያቋርጡ ቦዮች ቆፈሩ። ጎርፍ የቦረቦረውን ሸለቆ ደግሞ በአፈር በተሞሉ ከረጢቶች ከተሩት።

የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች በስፌታቸው ፈነዱ። ልብስ ሰፊዋ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረችው። ሁሉንም ወደ ቤቷ አስወስዳ፣ ጫፋቸውን ሁለት ጊዜ አጥፋ በድርብ ስፌት ደገመቻቸው። አሥራ ሰባት መርፌ ሰበረች። ከዚያ ወዲህ የፈነዳ የለም። ሰባቱም አሥራ ሁለት፣ ኋላም ሠላሳ ሆኑ።

በጋው ሲጠነክር የወንድሟ ምንጭ እየቀጠነ ሄደ። መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሠራተኞቹ በባልዲ የሚንጠባጠብ ውሃ ይቀዳሉ።

«ይበለው!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ይድረቅና እንገላገል።»

«ምንጩ ከደረቀ ወንዙም ደረቀ። ምኑን ነው የምንገላገለው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ጋሽ ፓምፕን ይዛም ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

ምንጩ አፍ ላይ ቆሞ አገኙት። ጋሽ ፓምፕ ጎንበስ ብለው ውሃውን በመዳፋቸው ቀዱና ቀና አሉ።

«ዝናቡ በራቁት ዳገት ላይ ተንሸራቶ በራስህ ላይ አልፎ ይሄዳል። መሬቱ አይጠጣም። ዳገቱ ካልጠጣ አንተም አትጠጣም።»

«የቆፈራችሁት ቦይ ይመልሰዋል?»

«ዘንድሮ አልልህም። ሁለት ሦስት ክረምት ይፈልጋል። ዋሽቼ አላግባባህም።»

ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ። «ስደርቅ ልትስቂብኝ የመጣሽ መስሎኝ ነበር» አላት።

«ለሳቅ ብዬ ጋሽ ፓምፕን በዚህ ጉልበታቸው ዳገት አስወጣለሁ?»

ሽማግሌው ሲስቁ እሱም ሳያስበው ሳቀ። ጉጠት አምጥቶ የዳገቱን ሽቦ አጥር ራሱ ቆረጠው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር ሦስት ክፍል ያለው ማጥለያ ጉድጓድ ቆፈረ። የታችኛውን ማጠቢያ ግን አልለቅም አለ። ባገኘችው ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ ባገኛት ቁጥር «አስብበታለሁ» ይላታል።

ክረምቱ ገባ፤ በቦዮቹ ጠርዝ ላይ አዲስ ችግኝ ተከሉ። አንድ ቀን ከሰዓት ሰማዩ እንደ ተቀደደ ሆኖ ዘነበ። ልብስ ሰፊዋ ክፍሏን ዘግታ ወደ ዳገቱ ሮጠች። ቦዮቹ ሞልተዋል፤ ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስ እያለ ይፈስሳል። መካከለኛው ክትር ግን በጎኑ ውሃ ይተፋ ጀመር። ወንድሟ ከስምንቱ ሠራተኞቹ ጋር ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ያቀብላል።

«ስፌቱ ነው የለቀቀው?» ብሎ ጮኸ።

«ስፌቴንስ ተው! ጎኑን ነው የበላው፣ ድንጋይ ጨምርበት!»

ጨመሩበት። ሁለት ጊዜ ተናደ፣ ሦስተኛው ቆመ። ዝናቡ ሲባራ የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጠራ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች።

«በርሽ ላይ ቆሜያለሁ» አለቻት። «ወንዙ እስከ መንገዱ ግማሽ ወጥቶ ቆመ። እግሬ ደረቅ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ለወንድሟ ሰጠችው። አዳመጠ፣ ፊቱን በጭቃማ ክንዱ ጠረገ።

«የታችኛውን ማጠቢያ ትቼዋለሁ፤ ችግኝ ትከሉበት» አለ፣ ወደ እሷ ሳያይ።

በማግስቱ ጉዳቱን ሊያዩ ወጡ። ሁለት ክትር ተሰብሯል፤ ከችግኙ ሲሶው የለም፤ የቀረው ግን ሥር ይዟል። ጋሽ ፓምፕ ከኮረብታው ጫፍ ላይ በበትራቸው ማዶውን አሳዩ። እዚያም አንድ ገላጣ ዳገት አለ፤ ውሃው ዞሮ እዚሁ ወንዝ ውስጥ ይገባል።

«እዚያ የሚኖር የምታውቁት ሰው አለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማንንም አናውቅም» አለ ወንድሟ።

«እንግዲያው ሄደን እንተዋወቃለን» አለች፤ የጫማዋን ጭቃ በድንጋይ ጠርጋም ቁልቁለቱን ቀድማ ወረደች።