ለሹም የተጠረገ መንገድ

ይታይሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን ባዘነበለች ቁጥር እጇን አቁማ ታዳምጣለች። የአባቷ መቋሚያ ከመታጠፊያው በኩል ይሰማል። መሪጌታ ገብረ መድኅን ኪዳን አድርሰው መመለሳቸው ነው።

መንገዱ የከተማው ቆርቆሮ ቤት አልቆ የገብሱ ማሳ ሳይጀምር ያለ ጠባብ መንገድ ነው። ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ቢገናኙበት አንዷ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ግራና ቀኙ ቀጋና አጋም ነው፤ ማን እንደተከለው የሚያስታውስ የለም። መሪጌታ በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ በፈንጣጣ ዓይናቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከቤት እስከ ሚካኤል የሚያደርሳቸው ይህ አጥር ነው። ሾሁን ሳይጫኑ ጫፍ ጫፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ቀጋው አልቆ አጋም ሲጀምር የጎረቤታቸው የጥጋቡ ደጅ ነው፤ አጋሙ ሲሳሳ መታጠፊያው ደርሷል። እጃቸውን ሊይዝ የሞከረ ሰው ካለ፣ «ልቀቀኝ፤ የምትደናቀፈው አንተ ነህ» ይሉታል።

«የኔታ፣ ዛሬም አጥሬን ሲደባብሱ መጡ?» አለ ጥጋቡ ከደጁ። «ሚስቴ ብትሆን እከስዎት ነበር።»

«ሚስትህማ ከአጋሙ ትብሳለች። ማን ይደፍራታል?»

ጥጋቡ እየሳቀ ተከትሏቸው ገባ። ሰፈሩ ነገር ሲገጥመው «አንተ ተናገርልን» ብሎ የሚልከው እሱን ነው። በጥቅምት፣ መንገዱ ለመኪና እንዲሰፋ፣ አጥሩም ተነቅሎ በገመድ ልክ እንዲታጠር ትእዛዝ መጥቶ ነበር። ትናንት ጥጋቡ አጥሩ እንዳይነቀል ለአቤቱታ ሹሙ ፊት ቆሞ ነው የዋለው።

«ሹሙ ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው ያያሉ» አለ። «አይተው ይፈርዳሉ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አስደግፈው ተቀመጡ። «ይምጡ። ያየ ሰው አያስነቅለውም» አሉ። ይታይሽ አባቷ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ካየች ቆይታለች።

ዓርብ መሪጌታ ጉንፋን ይዟቸው ተኙ። ጥጋቡ ማጭድና መጥረቢያ ይዞ በየደጁ ዞረ።

«ሹም በቀጋ ሊቧጨር ነው?» አለ። «ካባው ቢቀደድ የማን ነውር ነው? እንግዳ ሲመጣ መንገድ ይጠረጋል።»

የተቃወመው አልነበረም። ሠርገኛ ሲመጣ መንገድ ይጠረጋል፤ ታቦት ሲወጣ ይጠረጋል። ለሹም ሳይጠረግ ቢቀር ሰፈሩ ጠግቧል ይባላል። ሁሉም ከደጁ ወጥቶ ይቆርጥ ጀመር። ይታይሽ መጀመሪያ ወደ መንገዱ ያጎነበሰውን ብቻ ቆረጠች። ማዶ ያለችው ካሣነሽ የራሷን እስከ ጉልበቷ አውርዳ ቆማ ታያታለች።

«ሁላችን ተበጥረን አንቺ ብቻ ተንጨባረሽ ልትቀበያቸው ነው?» አለቻት።

ይታይሽ የራሷን አጥር አየችው። እውነትም በተጠረገው መካከል ብቻውን ቆሞ ያሳፍር ነበር። ማጭዱን እንደገና አነሳች።

«ምንድን ነው የሚቆረጠው?» አሉ መሪጌታ ከውስጥ።

«እንግዳው እንዳይቧጨሩ ጫፉን እየከረከምን ነው፣ አባቴ።»

«ጫፉን ብቻ?»

«ጫፉን ብቻ።»

ቅዳሜ ሹሙ በላንድሮቨር መጡ። መኪናዋ ከመንገዱ አፍ ገብታ፣ አንድም ቅጠል ሳይነካት እስከ መታጠፊያው ዘለቀች። የሰፈሩ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ግራና ቀኝ በጉቶው አጠገብ ተሰልፎ እጅ ነሳ። ሹሙ አልወረዱም። በመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ።

«አቤቱታው የዚህ መንገድ ነው?»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለ ጥጋቡ።

«ታዲያ እናንተው አስፍታችሁት የለም እንዴ?»

ጥጋቡ ጉቶውን ዞሮ አየ። «ለክብርዎ ብለን ነው የጠረግነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ሹሙ፤ ድምፃቸው ውስጥ ማላገጥ አልነበረም። «የቀረውን ሥሩን ደግሞ ሠራተኞች ሰኞ ይነቅሉላችኋል።»

ያን ቀን ማታ ይታይሽ ለአባቷ ልትነግር ሁለት ጊዜ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቴም ስለ ጉንፋናቸው ጠይቃ ተነሳች።

እሑድ ንጋት ላይ ስትነቃ መደባቸው ባዶ ነው። ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። መሪጌታ ከደጁ ጥቂት ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ግራ እጃቸው አየር ላይ ተዘርግቷል። ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሄዱ፣ አጎነበሱ፣ ዝቅ ብለው ፈለጉ። እጃቸው ከተከመረው ቀጋ ውስጥ ገባ። እጃቸውን አውጥተው ወደ ሌላው ጎን ዞሩ፤ ከዚያ ወደየትኛው እንደዞሩ ጠፋቸውና ባሉበት ቀሩ።

ጥጋቡ ከደጁ ቆሞ አያቸው። አንገቱን ደፍቶ ተመልሶ ገባ።

ይታይሽ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። ልቀቂኝ አላሏትም።

«ሚካኤል ላድርስዎት?»

«ወደ ቤት» አሉ።

መደቡ ላይ አስቀምጣቸው መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ ገለበጠችው። ሾሁ በየቦታው ተሰብሮ ቀርቷል። ከአንገቷ ወረንጦዋን አውጥታ አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። የቅዳሴው ደወል ተሰማ፤ መሪጌታ ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፤ አልተነሱም።

«ጫፉን ነበር ያልሽኝ።»

«አዎን።»

የመጨረሻው ሾህ በአውራ ጣታቸው ሥር ጠልቆ ስለነበር ቆየባት። ሲወጣላት የወጣችውን ደም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ወረንጦውንም ጠርጋ ከመደቡ ጥግ አስቀመጠችው።