ሞተሩን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ

አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ካርቡሬተር ያጠብኩት እኔ፣ ስሙ የተጠራው የባሌ የሊዮኒዳስ። እሱ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ ይውላል፣ እኔ ከጓሮ ካቻቢቴ ይዤ። ነፍሱን ይማረውና ዛሬም "የሊዮኒዳስን የመሰለ እጅ ከየት ይመጣል!" ይላሉ፤ ለእኔው ለራሴ!

ዘንድሮ ለካርመኗ እመቤታችን በዓል ምስሏን በሞተር ጭና ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ ጸሎት የምታወጣው የልጅ ልጄ ኑቢያ ናት። ሴት ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ናት። ዳገቱ ላይ ሞተሯ ከጠፋ ክብሩ ለሌላ ያልፋል፣ ወንዶቹም ዕድሜ ልካቸውን ሲስቁብን ይኖራሉ። ሞተሯ ደግሞ አዲስ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ካስገባችለት ወዲህ ቤንዚን እያነሰው ያስነጥሳል።

መለዋወጫ የሚሸጠው ኤቫሪስቶ ሱቅ ሄድን። ሁለት ዓይነት የነዳጅ መመጠኛ አወጣ፤ አንዱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ሌላው ሦስት የሚጫኑ ቁልፎችና የመብራት መደዳ ያለው ትንሽ ሳጥን፤ መብራቱ ሲበዛ ቤንዚኑም ይበዛል።

"ኑቢያዬ፣ የኮምፒውተሩ ይሻልሻል" አለ፣ እኔን እንደ ወንበር አልፎ።

"መንገድ ላይ ቢያስቸግራት ኮምፒውተሩን ማን ይያዝላት? እመቤታችን?" አልኩት።

ኑቢያ ሳቀች። ባለቁልፉን ወሰድን።

ይሄ ሞተር አየሩን ራሱ ይለካል እያለ ገጠመላትና ከሦስቱም ቁልፍ መብራት ቀነሰ። "አገራችን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚን መቀነስ አለበት።"

"ቅድም ይሄ ሞተር አየሩን ራሱ ለክቶ ይቀንሳል አላልክም? ታዲያ አንተ ደግመህ የምትቀንሰው ምን ቤት ነህ?"

"እማማ፣ ይሄ እኮ ካርቡሬተር አይደለም!"

"እኔስ ምን አልኩህ? በካርቡሬተር ልማድ የቀረኸው አንተ ነህ!"

አልሰማኝም። በማግስቱ ዳገቱን ልንሞክረው ወጣን፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አድርጎት ጸጥ አለ። ኑቢያ እንባዋ መጣ።

"አለቀልኝ፣ አያቴ።"

"አልቃሻ! ይብረድና ካንዴላውን ፍቺው።"

ካንዴላው እንደ ኖራ ነጥቷል። የተራበ ሞተር እንዲህ ነው። ለዳገት የሚሠራውን የመሃሉን ቁልፍ ተጭኜ አንድ መብራት ጨመርኩለት። ትንሽ ሄደና አሁንም አስነጠሰ። አንድ ደገምኩለት። ከዚያ በኋላማ ኮፍያዬን ይዤ ነው የወጣሁት! አናት ላይ ደርሰን ካንዴላውን ስናየው ቡናማ፣ ልክ የፓኔላ ስኳር መልክ፤ የጠገበ ሞተር እንዲህ ነው። ቤተ ጸሎቱ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ትኩስ የፓኔላ ውሃ በአይብ አዘዝኩ፤ ይገባኛል።

ስንመለስ ኤቫሪስቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

"እህሳ፣ ያስተካከልኩት እንዴት ሆነ?"

"ያስተካከልከውማ ዳገት ላይ ጣለን። አሁን መብራቶቹን ቁጠራቸው።"

ጎንበስ ብሎ አየ። አንገቱን አከከ። "ድሮስ የሊዮኒዳስ ሚስት አይደሉ..."

"ስማ! በበዓሉ ቀን ማይክ የምትይዘው አንተ ነህ። ኑቢያ ስትነሳ 'ሞተሩን ያስተካከለችው ኤዴልሚራ ካስታኞ ናት' ብለህ ትናገራለህ። የማንም ሚስት ስትል ብሰማ ማይኩን እነጥቅሃለሁ። በል አሁን እዚሁ ሞክረው፣ ጮክ ብለህ።"