ስምንት ሰዓት ብርሃን

«ዶና ዙልሚራ፣ ይህን መብራት የምታጠፊው መቼ ነው?»

ሴዩ ኦራሲዮ ይህን ሲጠይቃት ዙልሚራ የገንዳውን መስታወት በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ሽማግሌው በብራዚል፣ በባርሴሎስ የወንዝ ወደብ፣ አጥማጆች የሚያመጧቸውን ትናንሽ ቀያይ ዓሦች ተረክቦ ወደ ማናውስ ከተማ እስኪጫኑ ድረስ በገንዳ የሚያቆይ ሰው ነው። ዛሬ ሰኞ ጧት የመጣው እሷው ጠርታው ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መስኮቱ ሥር ባለው የመስታወት ገንዳ ፊት ቁጢጥ ብሏል።

ውሃው ውስጥ የበቀለው አረንጓዴ አረም፣ አልጌው፣ ፀጉር ይመስላል። ረጃጅሞቹን ቅጠሎች አንቋቸዋል፤ ድንጋዩን አልብሶታል፤ ትንሿ ፓምፕ ውሃውን በገፋች ቁጥር ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ዙልሚራ «ፀጉር» የሚለውን ቃል ከአፏ አታወጣውም። ወንዝ ውስጥ የቀረ ሰው ፀጉር ምን እንደሚሆን ላለማሰብ ዓመት ከሁለት ወር ታግላለች።

«የራባቸው መስሎኝ» አለች ጥያቄውን ዘላ። «ቅጠሉ ሲገረጣ ከጠርሙሱ ያንን የብረት ማዕድን ጠብታ እጨምርላቸዋለሁ። በየቀኑ።»

«በየቀኑ?»

«ሲገረጡ ዝም ብዬ ልያቸው እንዴ?»

ሴዩ ኦራሲዮ ሳቀ። «በሳምንት አንዴ የሚሰጥ ነው እኮ! አንቺ የምታጎርሺው ሌላ፣ የሚወፍረው ሌላ። አልጌውን ነው ያሳደግሽው።» ከዚያ ሳቁን ተወና ጣቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጥቁሩ ወንዝ ቀሰረ። «እዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ አረንጓዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ውሃው ጥቁር ነዋ። ፀሐይ እንኳ እንደ ልቧ አትገባበትም። እነዚህ ቅጠሎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ጨለማ ለምደዋል። አንቺ ግን…» ቀና ብሎ መብራቱን አየና አልጨረሰውም። ባርኔጣውን አደረገ። «እንዲህ ከቀጠለ ከሁለት ሳምንት አያልፉም። የዓሣዎቹንም ትንፋሽ ይወስደዋል።»

ለምን እንዳልጨረሰው ታውቃለች። በዚህ ሰፈር ወንድ ልጅ ዓሣ ሊያጠምድ ወደ ላይኛው ወንዝ ሲወጣ፣ የቤቱ ሴት መስኮቱ ላይ መብራት ታበራለች። መብራቱን የሚያጠፋው የተመለሰው ሰው በገዛ እጁ ነው። እሱ ካልተመለሰ ያበራችው ሴት ጥቁር ለብሳ ታጠፋዋለች። ሌላ ማንም አይነካውም። ልጇ ኤዲቫን በሄደ ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ብቸኛ መብራት ከገንዳው በላይ ራሱ የሰቀለው ነበር። ታንኳዋ ተገልብጣ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። መብራቱ ግን ቀንም ሌሊትም እንደበራ ነው።

ሽማግሌው ከሄደ በኋላ ዙልሚራ የልጇን ደብተር አወጣች። ኤዲቫን እያንዳንዱን ቅጠል ከየትኛው ጅረት እንደነቀለ፣ ለየትኛው ምን እንደሚሰጥ ጽፎበታል። እስከ ዛሬ ሴት ልጇ ሉዚኔያ ነበረች የምታነብላት። አሁን ግን ዙልሚራ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የአዋቂዎች ትምህርት ሰባት ወር ተምራለች። እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየያዘች፣ እንደ ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች።

የብረቱን ገጽ አገኘች፤ «በሳምንት አንድ ጊዜ» ይላል። ይህን ሉዚኔያ ነግራት ነበር። መስማቱን ሰምታለች፤ ግን የእናት አንጀት ሆኖባት አልታዘዘችም። ገለጠች። ቀጣዩን ገጽ ግን ማንም አንብቦላት አያውቅም።

«መብራት፦ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ። አልጌ ከበዛ ገንዳውን ሦስት ቀን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን። መብራት የለም። ምግብ የለም። ሦስቱ ቀን ሳይሞላ መግለጥ ክልክል ነው።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ላይ የኤዲቫንን ድምፅ ሰማች፤ ሲቸኩል የቃሉን ጫፍ እንደሚበላው፣ ልክ እንደዚያው። ዞር አለች። ክፍሉ ውስጥ ፓምፗ ብቻ ትተነፍሳለች።

ሉዚኔያ ገብታ ደብተሩን እጇ ላይ ስታየው ከረጢቷን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ይህን ገጽ ዘለልሽው» አለች ዙልሚራ።

«ዘለልኩት።»

«ለምን?»

«እማዬ፣ እሱ የጠፋ ሰሞን ሰው ጥቁር ጨርቅ ሲያመጣልሽ በሩ ላይ ‹አልሞተም› ብለሽ እንደጮኽሽባቸው ረሳሽው? እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ‹ጥቁር ጨርቅ አልብሺ› ብዬ ላንብብልሽ? አልቻልኩም።» አጠገቧ ተቀመጠች። «ተይው አሁን። ሐሙስ አብረን እንሂድ። ማናውስ ሥራዬ እየጠበቀኝ ነው፤ ላንቺም ቦታ ይዣለሁ። ይሄ ገንዳ እንደሆነ ሞቷል።»

«አልሞተም።»

«ስለ ገንዳው ነው የምታወሪው?»

ዙልሚራ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች። ከገንዳው ውጪ የልጇ እጅ የነካው ሕይወት ያለው ነገር የትም የለም። መብራቱ ከበራ ይሞታል። መብራቱ ከጠፋ ግን ልጇ መቅረቱን ሰፈሩ ሁሉ ያያል፤ እሷም ታያለች።

ፀሐይዋ ወንዙ ላይ ስታዘቀዝቅ ሳጥኑን ከፈተች። ጎረቤቶቿ ያኔ በሩ ላይ ትተውት የሄዱት ጥቁር ጨርቅ እጥፉ ሳይፈታ ከሥር ነበር። ቁርጡ ሰፊ ነው፤ ለአንድ ቀሚስ ተብሎ የተገዛ። ዘረጋችው፤ ከዚያ መቀሱን አነሳችና ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጣ ፀጉሯ ላይ አሰረች። ሉዚኔያ አፏን በእጇ ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ ላጥፋው?»

«አንቺ አይደለሽም የምታጠፊው።»

መብራቱን አጠፋችው።

ከመንገዱ ማዶ ብረት ድስት የምታጥብ ሴት ቀና አለች። ከዚያ ሌላዋ በሯ ላይ ወጣች፤ ቀጥሎም ሌላ። ወንዙ ላይ በታንኳ የሚያልፍ ሰው መቅዘፉን አቆመ፤ ታንኳዋ በራሷ ጥቂት ሄደች። ዙልሚራ ጨርቁን ገንዳው ላይ ጣለችና ብርሃን እንዳይገባ ዙሪያውን በእጇ እየዳበሰች ጠቀጠቀችው፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደሚያለብሱት።

ሦስት ቀን ከጨርቁ ሥር የውሃ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ማክሰኞ ማታ አንድ ነገር መስታወቱን የነካ መሰላት። ዓሣ ነው አለች። እጇ ጨርቁ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ጀልባው ጡሩምባውን ነፋ። ሉዚኔያ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ ሳልሄድ ትንሽ ግለጪው፤ ልየው።»

«አልሞላም እኮ። እስኪመሽ ነው።»

«እንደ ኤዲቫን ግትር ነሽ» አለችና ሉዚኔያ እየሳቀች አለቀሰች። እናቷን አቀፈቻት፣ ጨርቁንም በመዳፏ ነካ አደረገችው፣ ሄደች።

ሲመሽ ዙልሚራ ገለጠችው። አልጌው አመድ መስሏል፤ በጣቷ ስትነካው ከቅጠሉ እየተላቀቀ ወደ ታች ሰመጠ። ከዘጠኙ ዓሦች ሦስቱ የሉም። ቅጠሎቹ ግማሹ ቡናማ ሆኗል። ከአንዱ ሥር ግን የጥፍር ያህል፣ ገርጣ ያለ፣ ምንም ያልነካው ቅጠል ወጥቷል። የብረቱን ጠርሙስ አነሳች፤ አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ከዚያ ደብተሩን ከፍታ፣ ከልጇ ጽሑፍ ሥር፣ እያንዳንዱን ፊደል እርሳሱን ጫን እያደረገች ጻፈች።

«ሐሙስ። ሉዚኔያ ሄደች። ኤዲቫን ሄደ። ስድስት ዓሣ ቀረ። እኔ ቀረሁ።»