ሁለት ቤት፣ አንድ በር

"ክላክሱን አቁሙ ብያለሁ!" የሙሽራዋ እናት አማከለች ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋችው።

ሚዜዎቹ ሳቁ። የሙሽራዋ ወገን በር ይዞ ሰርገኛ አላስገባም ማለቱ ወግ ነውና የእናትየው ቁጣ ጨዋታ መሰላቸው። አንዱ ሾፌር ጭራሽ ክላክሱን አስጮኸው። ዋናው ሚዜ ጆኒ ከበሮ እየመታ ተጠጋት።

"እናታችን፣ ካላስገቡን አጥር እንዘላለን!"

"ስማ አንተ! ግቢው ውስጥ ሬሳ አለ!"

ከበሮው ቆመ።

ግቢው ሁለት ቤት ቢኖረውም በሩ አንድ ነው። ጎረቤቷ እማማ ገዲሴ ንጋት ላይ አረፉ። ሙሽራዋን ሚካልን ያዋለዷት፣ እናቷ ሥራ ስትውልም አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ድግሱ ተደግሷል፣ እንግዳው ተጠርቷል፤ ሞት ቀን አይመርጥ።

የሟች ልጅ ነገሪ ዓይኑ ቀልቶ ከውስጥ ወጣ።

"እትዬ አማከለች፣ እናቴ ሳትቀበር ምን ሰርግ ነው? ይመለሱ! ድንኳኑም ይፍረስ!"

"እኛ የመጣነው ለሰርግ ነው" አለ ጆኒ። "ካልተጨፈረ ምኑን ሰርግ ሆነ?"

አማከለች ከጠዋት ጀምራ ነገሪን ስትለምን ውላለች። አሁን ልመናው አለቀባት።

"ዝም በሉ ሁለታችሁም! ነገሪ፣ እናትህ በሕይወት ሳሉ ለዓመት በዓል እንኳ ብቅ አላልክም። ዛሬ መጥተህ የሳቸውን ልጅ ሰርግ አታፈርስም። ሚካል ትዳራለች! አንተም ጆኒ፣ አስከሬኑ ሳይወጣ እግርህ እዚህ አይገባም። ከገባህም በኋላ ከበሮ የለም። ትበላላችሁ፣ ትመረቃላችሁ፣ ሙሽራችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። አይሆንም ካላችሁ መንገዱ ያው!"

ሙሽራው አስረስ ከመኪናው ወረደ።

"ጆኒ፣ መኪኖቹን አስመልስ።"

አማከለች የልጇን ሰርግ በገዛ አፏ ያፈረሰች መሰላት።

"ለአስከሬኑ መንገድ ይልቀቁ" አለ አስረስ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

አማከለች ነጠላዋን ለቀስተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቀዘቀችው። እድርተኞቹ አስከሬኑን ተሸክመው በሰርጉ መኪኖች መሃል ወደ ሀና ማርያም አመሩ። ነገሪ ቀና ብሎ ሳያያት አለፈ። ተከትላ መሄድ አማራት፤ ግን የሙሽራ እናት ናት፣ የት ትሄዳለች? ይህም አናደዳት።

ለቅሶው ሲርቅ ፎቶ አንሺው ቀረብ አለ።

"እናት፣ ነጠላዎትን ያስተካክሉት እንጂ፤ የሰርግ ፎቶ እኮ ነው።"

"እንዲሁ እንዳለሁ አንሳኝ" አለችና ለሰርገኞቹ በሩን ለቀቀችላቸው።