የጋሽ ነገ ወንበር

አናጢውን ሰፈርተኛው በሙሉ ጋሽ ነገ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። አልጋ ያዘዘ፣ በር ያሠራ፣ ሁሉም በየተራው «ነገ ይደርሳል» ተብሎ ሲመለስ፣ እሷ ከጓዳ ሆና «የትኛው ነገ?» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ዘግይቶም ቢሆን የሰውን ያደርሳል። የማያደርሰው የእሷን ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው እሱን አይተው ይመስላል።

ሚስቱ ከሥራ መልስ ትምህርት ቤት እየሄደች እንግሊዝኛ ትማር ነበር። ክፍል ውስጥ የምትቀመጥበት ወንበር ደግሞ እግሩ ላልቶ ይወዛወዛል።

«አንተ ሰውዬ፣ የአገሩን ወንበር ስትጠግን እየዋልክ፣ እኔ እንደ ፈረስ እየጋለብኩት ልማር?»

«ነገ።»

እራት በልተው የተማረችውን ልታሰማው ስትጀምርም «ደክሞኛል፣ ነገ ታሰሚኛለሽ» ይላታል። ከዚያ ታመመች። ሕመሙ ነገን የሚያውቅ አልነበረም፤ ክረምቱ ሳይወጣ አናጢው ቀበራት።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። አናጢውን የሚያንገበግበው ያ ያላዳመጠው እንግሊዝኛ ነው። ምን ምን ስትል ነበር? ድምጿን አንዴ ብቻ ቢሰማ፣ የማይገባው ቋንቋ እንኳ ቢሆን፣ ምን ነበረበት? አንድ ቀን መዶሻውንና ኮላውን በከረጢት ይዞ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ለመምህርቷ «የሚስቴን ወንበር ልጠግን ነው» አላት። የሄደው ግን ሊሰማ ነበር።

«ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቁጭ ይበሉ» አለችው። ባዶው ቦታ የሚስቱ ብቻ ነበር። ተቀመጠ፤ ወንበሩ ወዘወዘው።

የዕለቱ ትምህርት ረዳት ግሶች ነው። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፣ «ረዳት ግስ ዋናውን ያግዛል። ‹ካን› መቻልን፣ ‹ዊል› ገና የሚሆነውን ይነግረናል። ስትጠይቁ ከፊት አስቀድሙት» አለች። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲጠያየቁ አዘዘች።

ከጎኑ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪ የሚስቱ ጥንድ ነበረች። ፈራ ተባ እያለች አየችው።

«ጋሼ፣ እኔና እሷ ሁልጊዜ የምንጀምርባት አንዲት ጥያቄ ነበረችን። ልንገርዎት?»

«በይ እስቲ።»

«‹ዊል ሂ ፊክስ ዘ ቼር?› እላታለሁ። ወንበሩን ይጠግነዋል ወይ፣ ማለት ነው። ‹የስ፣ ሂ ዊል› ትለኛለች። አዎ፣ ይጠግነዋል። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ነበር የሚፈርሰው።»

«ትቀልድ ነበራ።»

«የምንስቀውስ እኛ ነን። እሷ አንድም ቀን አልሳቀችም። መምህርቷ ሌላ ወንበር ልስጥሽ ብትላት እንኳ፣ ‹ባሌ ይመጣል› ብላ እምቢ አለች።»

ዕቃ ያዘዘው ሰው ሁሉ አናጢው ላይ ሲነጫነጭ ነው የኖረው። ከሁሉ አብልጦ የበደላት እሷ ግን፣ በሰው ፊት ዋስ ስትሆንለት ኖራለች። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፤ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀበት።

ተማሪው ሲወጣ ወንበሩን ገለበጠው። የላላችው አንዲት እግር ናት። ትንሽ ኮላና ሁለት የመዶሻ ምት ቢያገኝ፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። የኮላውን ክዳን ከፈተ። ግን ይህን ከጠገነ እሷ ከእሱ የምትጠብቀው ምንም አይቀርም። ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«አለቀ፣ ጋሼ?»

ወንበሩን አቅንቶ ተቀመጠበት። እንደ ልማዱ ወዘወዘው።

«እስቲ ያችን ጥያቄ እኔን ጠይቂኝ።»

ጠየቀችው።

«የስ» አለ አናጢው። «ሂ ዊል።»