ጆሮ የነካው መኪና

ክቡርነታቸው ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም።

ወርደው በሩን ዘጉ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚደረገውን ፊት አደረጉ። ሞተሩ አሁንም አልጠፋም። ያለ ቁልፍ፣ ያለ ሾፌር፣ ማንም ሳያዘው አጓራ፣ ተንዘፈዘፈና በመጨረሻ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ከጭስ ማውጫው የወጣው ሰማያዊ ደመና አጥሩን ተሻግሮ በረንዳው ላይ ለተደረደሩት ለቀስተኞች በእኩል ታደለ። አንዷ ሴትዮ ሳለች። ሌላዋ እንባ እምቢ ብሏት ነበርና አጋጣሚውን ሳታባክን ዓይኗን ጠራረገች።

የሟቹ ልጅ የሻይ ትሪ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ምን ያፈዝሻል? ጠፋ እኮ!» አሉ ክቡርነታቸው። «ጨዋ ሞተር ነው፣ ሳይሰናበት አይሄድም።»

ክቡርነታቸው የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጡረታ ቢወጡም፣ ሲናገሩ ሁልጊዜ ባንዲራ ከኋላቸው የተተከለ ይመስላል። «ክቡርነታቸው» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሟቹ ነበር። ሟቹን ደግሞ አገር ምድሩ «ጆሮ» ነበር የሚለው። መካኒክ ነበር፤ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንዴ ሞተሬ ተንኳኳ ብሎ በድንጋጤ የመጣን ደንበኛ «ሞተርህ ደህና ነው። የሚንኳኳው ወንበርህ ሥር የተንከባለለው ጠርሙስ ነው፤ ሚስትህ ሳታገኘው አውጣው» ብሎ ሸኝቶታል። ልጁ ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ አጠገቡ ስትሠራ፣ ሙያውን የቀሰመችው ከአፉ ሳይሆን ከዝምታው ነው።

ትሪውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ መኪናው ይታይ። ዘይት እየበላ ነው።»

«ይብላዋ! እኛስ እንበላ የለ?»

«ናፍጣ ሞተር የገዛ ዘይቱን መጠጣት ከለመደ ቁልፍ ቢነቅሉበትም አይሰማም። አሁን አዩት አይደል? ነገ ዳገት ላይ ቢነሳበት እስኪሰባበር ድረስ ነው የሚጮኸው። የምትቀመጥበት ደግሞ እናቴ ናት።»

ነገ ጠዋት ክቡርነታቸው እህታቸውን ይዘው ተራራውን ሊሻገሩ ነው። ከተራራው ማዶ አልጋ ላይ የዋሉት የእናቷ እናት የልጃቸውን ባል ሞት ገና አልሰሙም። በስልክ እንዳይነገራቸው ተወስኗል።

ክቡርነታቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ በረንዳው ዞሩ።

«ስሙኝማ! ይህ መኪና የአማቼ የመጨረሻ ሥራ ነው። ቱርቦውን፣ አየር መግፊያውን፣ አውርዶ አዲሱን የሰቀለው በነዚያ እጆቹ ነው፤ ከዚያ አልጋ ያዘ። ጆሮ ያጠበቀውን ብሎን እኔ ቆሜ ማንም አይፈታውም! ሐውልቱ ነው!»

በረንዳው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ብሎ አጉረመረመ። ሐውልቱ ገና እየጤሰ ነበር።

ከግድግዳው ጥግ አንዱ የአባቷ የሙያ ባልደረባ ወደ ሌላው ጎንበስ ሲል ሰማችው። «መጨረሻ ላይ ደክሞ ነበር መሰለኝ...» መኪናው ታሟል ብላ ብትሟገት፣ በአባቷ ለቅሶ ላይ የአባቷን ሥራ ማፍረሷ ነው። ዝም ብትል እናቷን ዳገት ላይ መስደዷ ነው። ትሪውን አንስታ ሻዩን ማደል ቀጠለች፤ ለአንዱ ስኳር ጨምራ ሁለተኛ ጨመረችበት፣ ሰውየውም በሐዘኗ አዝኖ ዝም ብሎ ጠጣው።

ሳትወድ በግድ ለቅሶው ከተጀመረ አንስቶ መኪናውን ስትመረምረው ነው የሰነበተችው። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳ አያጨስም፤ ስለዚህ ያለቀው ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎማ አይደለም። ክቡርነታቸው ግን ሞተር ሳያጠፉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ረጅም ስንብት ያደርጋሉ። ስንብቱ አልቆ ነዳጅ ሲረግጡ ነው ያ ሰማያዊ ጉድ የሚወጣው። ቆሞ ሲሠራ ዘይቱ የሆነ ቦታ ይጠራቀማል ማለት ነው። የት?

ከምሳ በኋላ ክቡርነታቸው ኮታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው አንቀላፉ። እጇን ኪሳቸው ውስጥ ከተተች።

«በአባትሽ ለቅሶ ኪስ ማጠብ ጀመርሽ?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። ላሜራ የሚሉት ጎረቤት ነው፤ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጠ የሚያቃና፣ ዕድሜ ልኩን ከጆሮ ጋራዥ ጋር በአንድ ግድግዳ የኖረ።

«ዝም ብለህ ግፋልኝ።»

ጋራዡ ከግቢው በታች ነው። ፍሬኑን ለቀቀች፣ ላሜራ እየተራገመ ገፋ፣ መኪናው ድምፁን አጥፍቶ ቁልቁል ገባ።

ላሜራን ሳንቃ አስያዘችው። «አየር መሳቢያው ጋ ቁም። ካመፀ በዚህ አፉን ድፈንበት፤ አየር ካጣ ይሞታል።»

«እኔስ?»

«አንተ ሳንቃውን እንዳትለቅ።»

ሞተሩን አስነሳች። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈትታ መዳፏን አፉ ላይ ጣል አደረገች። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር በዚያ በኩል ይተነፍሳል፤ ይሄ አልተነፈሰም። ድንገት የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። ላሜራ ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቃውን አስጠጋ። ዘላ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ጥቂት አንገራገረና ጠፋ።

«ወይኔ ልጆቼ» አለ ላሜራ። ልጅ የለውም።

የቱርቦውን የአየር ቱቦ ነቅላ ጣቷን ሰደደች። የሚሽከረከረውን ዘንግ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀችው። ንቅንቅ አይልም።

«ቱርቦው ጤነኛ ነው!» አለች። «አባዬ በደንብ ነው የሰቀለው።»

«ታዲያ ዘይቱን ማን ይጠጣዋል?»

የቀረው መንገድ አንድ ነበር። ዘይት ወደ ቱርቦው የሚገባው በግፊት ነው፤ የሚወጣው ግን በገዛ ክብደቱ፣ ቁልቁል ተንጠባጥቦ። መውጫው ከጠበበ ይሞላና በጎን ሾልኮ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። መኪናው ሥር ገብታ የመመለሻውን ቧንቧ ብሎኖች ስትፈታ ጥቀርሻ በሆነ እያለች ነበር። ጥቀርሻ ጊዜ የሚያመጣው ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ግራጫ ሲሊኮን ነበር፤ ከቱቦ ተጨምቆ የሚቀባው ማሸጊያ። እንደታኘከ ማስቲካ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ቧንቧውን ከግማሽ በላይ ደፍኖት።

ጀማሪ ሳለች እዚያው ቦታ ሲሊኮን ቀብታለች። አባቷ አልተቆጣም። ፈታው፣ ለማሸጊያ የሚሆን ወፍራም ወረቀት ብረቱ ላይ አነጠፈ፣ በትንሿ መዶሻ ጠርዙን ቀስ እያለ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገ በልኩ ቆረጠው። «ሲሊኮን ስታጠብቂው ወደ ውጪም ወደ ውስጥም ይወጣል» አላት። «የውጪውን ትጠርጊያለሽ። የውስጡን ማን ይጠርግልሻል?»

ከመኪናው ሥር ወጣች። «ይሄን የቀባኸው አንተ ነህ?»

ላሜራ ሳንቃውን መሬት አደረገ። «ቱርቦው የተሰቀለ ቀን አባትሽ ብሎን ግዢ ብሎ ላከሽ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ብሎኑ መሳቢያ ሙሉ ነበር።» ግድግዳውን እያየ ነው የሚያወራው። «እጁ እምቢ አለው። ወረቀት ይቆርጣል፣ ይቀደዳል፣ ይጥላል። መዶሻዋ ጠርዙን ትታ ጣቱን ትመታዋለች። በመጨረሻ የሲሊኮኑን ቱቦ አንስቶ ቀባ። እኔ በግድግዳው ስንጥቅ እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እሱ ያልነገረሽን እኔ ልንገርሽ?»

አባቷ እጁን ሁልጊዜ ኪሱ ከትቶ መቆሙ፣ «አንቺ ፍቺው፣ እኔ ላዳምጥ» ማለቱ፣ ስልክ ሲጠራ «አንሺልኝ» ማለቱ አሁን ገባት። ስንፍና መስሏት ሸምግለሃል እያለች ስትቀልድበት፣ አብሯት ይስቅ ነበር።

ሲሊኮኑን ፍቃ አወጣች፣ ቧንቧውን አጠበች። ወረቀት አንጥፋ በመዶሻዋ መታች። የቆረጠችውን ወረቀት ገጥማ ቧንቧውን አጥብቃ ስትጨርስ በሩ ተበረገደ።

«ሐውልቱን!» አሉ ክቡርነታቸው፤ ከኋላቸው ግማሹ በረንዳ ተከትሏቸዋል፣ እናቷም አለች። «አንቺ ልጅ! እንደነበረ መልሺው! ጆሮ እንዳደረገው!»

«ጥቀርሻ ነው» አለ ላሜራ ፈጥኖ። «ዕድሜ ነው፣ ሌላ ምንም...»

ጥግ ላይ ያንሾካሾከው ሰውዬ አንገቱን አሰገገ። ልጅቱ ሲሊኮኑን በጣቶቿ መሃል አፍና ያዘች። «ጥቀርሻ ነው» ብትል ሁሉም ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ የአባቷ ስም እንዳማረበት ይቀበራል። ግን እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የሠራቸው ሌሎች መኪኖችስ? ውስጣቸውን ማን ይጠርግላቸዋል?

መዳፏን ከፈተች።

«ይሄን ያደረገው አባቴ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ደበቀን። በዚያ ሰሞን እሱ ጋ ያሠራችሁ ሁሉ መኪናችሁን አምጡልኝ፤ ፈትቼ አየዋለሁ።»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፍተው የሚሉት ጠፋቸው፤ በዕድሜያቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ሞተሩን አስነሳችው። «ጭስ ማፈኛው ማርሚታ ውስጥ የቀረው ዘይት እስኪነድ ያጨሳል፣ አትደንግጡ።» አጨሰ፤ ቆይቶ እየሳሳ ሄደ። ሁሉም ጭሱን ትተው እጇን ነበር የሚያዩት። ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ።

«እንግዲህ ነገ በጠዋት ነው» አሉ ክቡርነታቸው፣ በትንሽ ድምፅ። ሰዉን አስከትለው ወጡ።

እናቷ ብቻ ቀረች። «የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ» አለች። «ለልጅቷ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ።»

ልጅቱ ዘይት ያጠቆረውን እጇን ይዛ ወደ ውሃው ቧንቧ ሄደች፣ ውሃውን ከፈተች። እናቷ ከኋላዋ ደርሳ ውሃውን ዘጋችው። ያን ጥቁር እጅ በሁለት እጇ ያዘችና አፍንጫዋ ላይ አስጠጋችው።

«ትንሽ ቆዪ» አለች። «አሁን አትታጠቢው።»