የአንድ ልጅ ቦታ

ከተማ ወደ ገጠር በእግሩ አይመጣም፤ በግሬደር ነው የሚመጣው። ሆሳዕና ስትሰፋ ስትሰፋ ሌሞ ዘልቃ የአቶ ኤርጃቦን የእንሰት ጓሮ ስትደርስበት ሽማግሌው አልተጣሉም፣ አላለቀሱም። ካሳ ይሰጣል ተባለ፣ ምትክ ቦታም ይሰጣል ተባለ። ከዚያም አልፎ፣ መሬቱ የሚነሣበት ገበሬ አብሮት ለሚኖር፣ ለአካለ መጠን ለደረሰ አንድ ልጁ የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሚጨመርለት ተነገረ። ጣጣው የመጣው ከዚህ "አንድ ልጅ" ከሚለው ነው።

አቶ ኤርጃቦ ሁለት ልጆች አሏቸው። ሚክያስ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚያ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ጣቢታ ደግሞ ጊምቢቹ ተድራ፣ አልወለደችም ተብላ ባሏ ሌላ ሲያገባባት ጓዟን ይዛ የተመለሰች ናት። ከተመለሰች ወዲህ እናቷን አስታምማ የቀበረች፣ እንሰቱን የምትፍቅ፣ ለአባቷም እሳት የምታነድ እሷ ናት። አባቷ ይወዷታል። ግን ያገሩ ወንድ ሁሉ እንደሚያስበው ያስባሉ፤ መሬት የወንድ ነው፣ ሴት ልጅ የሰው ናት። ቦታው ለሚክያስ እንዲሆን ቆርጠዋል።

አብሮ የማይኖር ልጅ ግን ቦታ አያገኝም፤ ይህም ችግር የሳቸው ብቻ አልነበረም። በዚያ መንደር ወንድ ልጁን ደቡብ አፍሪካ ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ወንዶቹ ተሰበሰቡና እከክልኝ ልከክልህ ተባባሉ፤ እኔ ላንተ ልጅ እመሰክራለሁ፣ አንተም ለእኔ። ልጁ የት ሄደ ከተባለ የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ ለንግድ ዱራሜ ወርዷል። ያን ያህል ጎረምሳ ባንድ ጊዜ ዱራሜ ምን እንደሚነግድ ያሰበበት የለም። መጀመሪያ የሚጠየቁት አቶ ኤርጃቦ እንዲሆኑም ተስማሙ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና ቃላቸውን የሚጠራጠር አይኖርም። እሳቸውም እሺ አሉ። ያን ሰሞን ጸሎት ሲመሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ምእመኑ ጉንፋን የያዛቸው መሰለው።

አብሮ የሚኖረው ልጅ ማንነት የሚጣራበት ዕለት ከማዘጋጃ ቤት ኤልሳ የምትባል ወጣት ሠራተኛ መጣች። መንደሩ አቶ ኤርጃቦ ደጅ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ወደ ኋላ ናቸው። አብሯቸው የሚኖረው ልጅ ማን እንደሆነ ስትጠይቅ አቶ ኤርጃቦ ሚክያስ አሉ። የት አለ ስትል የቅርብ ጎረቤታቸው ጴጥሮስ ተነሣና ለንግድ ዱራሜ እንደሄደ መሰከረ። ኤልሳ ልታልፈው ስትል፣ ከጓሮ እንሰት ስትፍቅ ቆይታ እጇን እየጠራረገች የመጣችውን ጣቢታን አየች።

"እሷስ? ልጅዎ አይደለችም?"

አቶ ኤርጃቦ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጴጥሮስ ቀደማቸው።

"እንግዳ ናት። ከባሏ ቤት ልትጠይቃቸው መጥታ ነው።"

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የገዛ ልጁም ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ነው፣ የገባውንም ቃል መጠበቁ ነው። ኤልሳ ወደ ጣቢታ ዞራ እውነት መሆኑን ጠየቀቻት። ጣቢታ አባቷን አየቻቸው። ካስተባበለች በመንደሩ ፊት ውሸታም መሆናቸው ነው።

"አዎ፣ እንግዳ ነኝ" አለች። "ሰንብቼ እሄዳለሁ።"

ሰውን መበደል ያማል፤ የበደሉት ሰው መልሶ ገበናን ሲሸፍን ግን ይብሳል። እናቷን በጀርባዋ አዝላ ሐኪም ቤት ያመላለሰች ልጅ ወዴት ነው የምትሄደው? አንዴ ባሏ አስወጥቷታል፤ አሁን ደግሞ የሚያስወጧት እሳቸው ናቸው። አቶ ኤርጃቦ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"እንግዳ አይደለችም" አሉ። "እዚህ የምትኖረው እሷ ናት። ሚክያስ ደቡብ አፍሪካ ነው። ዋሽቻለሁ።"

"ኤርጃቦ፣ እኛንም አስበን እንጂ" አለ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ።

"አስቤያችኋለሁ። ይቅር በሉኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ኤልሳ ስለ ሌሎቹም ልጆች አጥብቃ ጠየቀች፤ የዱራሜ ነጋዴዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፉ። ቦታው ለጣቢታ ተሰጠ፤ መንደሩ ግን አቶ ኤርጃቦን ፊት ነሣቸው። ልጁንም እኛንም ሸጠ ተባሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ አጡ። እውነት ተናገር የሚል ሰባኪ ሞልቷል፤ እውነት ጎረቤት እንደሚያሳጣ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም።

የጣቢታ ቤት ሲሠራ ለደቦ የመጣ ሰው የለም። በዚያ አገር፣ ቤት ሲቆም ጎረቤት ሳይጠሩት ነበር የሚመጣው። የቋሚውን ጉድጓድ የቆፈሩት አባትና ልጅ ናቸው። አቶ ኤርጃቦ ወገባቸው እየከዳቸው፣ ጣቢታ እንዲቀመጡ እየለመነቻቸው፣ እሳቸው እምቢ እያሉ ማገሩ አለቀ። ከጎረቤቱ ኩርፊያ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ግን ሚክያስ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አልደወለም። እሳቸውም ስልኩን ያነሡና መልሰው ያስቀምጡታል። ልጃቸው በሰው አገር እየተንከራተተ፣ ባገሩ ያለችውን ቁራሽ መሬት ያሳጡት አባቱ ናቸውና ምግብ አልወርድ አላቸው።

ቆርቆሮው የሚመታበት ዕለት ስልኩ ጮኸ። ሚክያስ ነው። ሁሉን ከጴጥሮስ ልጅ እንደሰማ ነገራቸው፤ መናደዱንም አልደበቀም። አቶ ኤርጃቦ የባሰውን እየጠበቁ አዳመጡ። ልጁ ግን ቁጣውን በመሃል ተወው።

"አባ፣ እዚህ ሰልችቶኛል። ብመጣ ማደሪያ አለኝ?"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዴት አይኖርህ ሊሉት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ በቤታቸው ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን የመለሱት እሳቸው ናቸው። ቀና ሲሉ መሰላሉ ላይ መዶሻ ይዛ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ።

"ቤቱ የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቃት" አሉና ስልኩን ወደ ላይ ዘረጉላት።

ጣቢታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ሰማች። ከዚያ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች።

"ና" አለችው። "ቶሎ ና። አባ ደክሟል፣ ቆርቆሮ የሚያቀብለኝ ሰው የለም።"